የሐይቁ ቤት መንገድ በክንፉ መሪነት

ካርቱም ውስጥ መንገድ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ለመጥፋት መዘጋጀት አለበት። ሱዳናዊ አላውቅም ማለት ነውር ይመስለዋል። የትኛውንም ቤት ብትጠይቀው እጁን ወደ ፊት ይዘረጋና «ጊዳም» ይልሃል፣ ቀጥ ብለህ ሂድ ማለቱ ነው። በዚህ ዓይነት ቀጥ ብለህ ብትሄድ ግብፅ ትገባለህ። የእኛ ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ዴም በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ቤቱን ሲጠቁምህ «ድሮ ብርቅነሽ ሻይ ታፈላበት የነበረው ዛፍ አጠገብ» ይላል። ብርቅነሽ አውስትራሊያ ከገባች ቆየች፣ ዛፉም ተቆርጧል። ሰውየው ግን ባለማግኘትህ አንተኑ ይቆጣሃል።

እኔ አምጃድ የምትባለዋን ትንሽ የኪራይ መኪና ስነዳ ስለኖርኩ የመንገድ ጠቋሚ ዓይነቱን ሁሉ አይቻለሁ። እንደ ክንፉ ያለ ግን አላየሁም።

ክንፉ ደርግ የወደቀ ሰሞን ከተሰደዱት አንዱ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም በሎሪ ሲገባ እዚያው ሎሪ ላይ ወለተሥላሴ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፣ ቤርሳቤህ የምትባል ትንሽ ልጇን ታቅፋ። አንድ ላይ ዴም ገቡ፣ ግድግዳ የሚጋራ ቤት ተከራዩ። ወለተሥላሴ በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ጀብራ ሰፈር የሰው ልብስ አጠበች፣ የሰው ወጥ ሠራች፣ ልጇን አሳደገች። ክንፉ ደግሞ በማግስቱ ታሪኩን ማሳመር ጀመረ።

መጀመሪያ አገር ቤት መምህር ነበርኩ ይል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ዳይሬክተር ሆነ። ዘጠናዎቹ ሳያልቁ የአውራጃ ትምህርት ኃላፊ ሆኖ አረፈው። ማን እንደሚሾመው አይታወቅም፣ እዚሁ ስደት ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድገው። ከእሱ ከተማ የመጡ ሰዎች ግን የጠመኔና የደብተር መጋዘን ይጠብቅ እንደነበር ያስታውሳሉ። መጋዘን መጠበቅ ምን ነውር አለው? ነውሩ መጋዘኑን ክፍለ ሀገር ማድረጉ ላይ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲሉ እንደ እሱ ያለውን አይተው መሆን አለበት።

ኮት ይለብሳል። ወፍ ከዛፍ በሚጥለው የካርቱም ሙቀት፣ ውሻ እንኳ ከጥላ በማትወጣበት ሰዓት፣ ክንፉ ቡናማ ኮቱን ደርቦ በዴም ጎዳና ላይ ይንሸራሸራል። ሰው መንገድ ሲጠይቅ ከሰማ ደግሞ ሳይጠሩት ይመጣል። እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ስማኝ እንግዲህ» ይላል። ከዚያ በኋላ የተናገረውን የተከተለ ሰው የደረሰበትን ራሱ ይወቅ።

አንድ ጊዜ ናስራ የምትባል ከወሎ አዲስ የመጣች ልጅ አል-ሳሃፋ ሰፈር የቤት ሠራተኛነት ተገኘላት። ቤቱን እንዲያሳያት ክንፉን ጠየቀችው። አስረድቶ ሰደዳት። ልጅቷ ጀብራ ሄዳ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ገባች፣ ሴቶች ተሰብስበው ሳህን ሲያጥቡ አየችና ሥራው ይኼ ነው ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ቀኑን ሙሉ ስታጥብ ዋለች። ማንም ማን ነሽ አላላትም፣ አብልተው አጠጥተው መርቀው ሸኟት። አል-ሳሃፋ ስትጠብቃት የዋለችው እመቤት ሌላ ሠራተኛ ቀጠረች። ክንፉ ይኼን ሲነግሩት ትንሽ እንኳ አላፈረም።

«በላች አይደል? ተመረቀች አይደል? የሠራተኛ ቤት ብዬ ነው የላክኋት፣ ሠራች» አለ።

ይኼ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን የሐይቅ ቤት ያለኝ ዓይነት ወሬ ይዞ ብቅ ያለው። ቤቱ የእሱ አይደለም፣ የሀጂ አብዱልወሃብ ነው። ሀጂ አብዱልወሃብ ሱቁ ዴም አጠገብ የሆነ የውሃ ፓምፕና የጀነሬተር ነጋዴ ነው። ክንፉ እዚያ ሱቅ ሲገባና ሲወጣ እናየው ነበር። ምን ትሠራለህ ስንለው «ሙስተሻር ነኝ» ይለናል፣ አማካሪ ማለቱ ነው። ዓርብ ዓርብ ሀጂ ቤተሰቡንና የሚታረድ በግ ይዞ ወደ ጀበል አውሊያ ይወርዳል፤ ነጭ ዓባይ በግድብ ተይዞ ሐይቅ ከሆነበት ዳርቻ የመዝናኛ ቤት አለው። ክንፉም አብሮ ይሄዳል። ቅዳሜ ዴም ሲመለስ በረንዳው እብነ በረድ ነው፣ ውሃው እስከ በሩ ይመጣል፣ ሀጂ ያለ እኔ ዓሣ አይቆርስም፣ ይለናል። ማን ይሂድና ይይ? ዝም ብለን እንሰማለን።

በሁለት ሺህ ሰባት ቤርሳቤህ ልታገባ ሆነ። የማታውቀውን አገር ቋንቋ ከእናቷ የተማረች፣ ዐረብኛው የሚቀናት፣ ዝምተኛ ልጅ ነች። እጮኛዋ ፍፁም የኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉዋ አክስቱ ናት። ማዘንጊያ ትባላለች፣ ከጅዳ የመጣች ባለ ወርቅ ሴት ናት። ወለተሥላሴን ገና እንዳየቻት «የሰው ቤት እቃ አጣቢ ልጅ ነው ያገኘኸው?» ብላ የወንድሟን ልጅ እንደጠየቀችው ሰምተናል። ወለተሥላሴም ሰምታለች። ቀጥላም ማዘንጊያ፣ እናትየው ሰው የሚያስደንቅ ድግስ ከቻለች ጥሩ፣ ካልቻለች ግን ልጁን ይዤ ጅዳ እመለሳለሁ፣ እዚያ ቆንጆ ሞልቷል፣ አለች። ፍፁም ደግሞ ትምህርቱን ያስተማረችው እሷ ስለሆነች አፉን ይዞ ቀረ።

ስለዚህ ድግሱ የወለተሥላሴ ክብር ነበር። የዴም ግቢ ጠባብ ነው፣ በከተማው ሙዚቃ በጊዜ ይዘጋል፣ ወንድና ሴት አብሮ ሲጨፍር ጎረቤት ያጉረመርማል። አዳራሽ ኪራይ የሚቀመስ አይደለም። ሴትዮዋ እንቅልፍ አጥታ ስትብሰለሰል ክንፉ ለሠርጉ ምክክር በተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

«የምን መጨነቅ ነው? የሀጂን የሐይቅ ቤት እኔ አስፈቅዳለሁ» አለ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የእሱ አፍ ግን መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? ማዘንጊያ «የሐይቅ ቤት» የሚለውን ስትሰማ ወርቋን አስተካክላ ተቀመጠች። ወለተሥላሴ ግን ወደ ክንፉ ዞረች።

«ጋሽ ክንፉ፣ እውነት ነው? ልጄን እንዳያዋርዱብኝ» አለችው።

«ወለተሥላሴ፣ ኸላስ፣ አለቀ» አላት።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ፈቃዱ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሀጂ ራሱ ወለተሥላሴን «ቤቱ ቤታችሁ ነው» አላት። አሁን እንግዲህ የቀረው መንገዱ ነው። ከዴም ተነሥቶ ከዘልቱ፣ ከአስፋልቱ ማለት ነው፣ ሳይወጡ ወደ ደቡብ የሚሄድ ረጅም መንገድ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን ከዘልት ወርዶ በአሸዋ ውስጥ የሚሾልክ ነገር አለው። ሀጂ ለንግድ ሥራ ፖርት ሱዳን ሄዶ ነበር። መንገዱን የሚያውቀው ክንፉ ብቻ ነው።

ሻይ ቤት አስቀምጦ አስተማረን። «ዘልቱን ይዛችሁ ጊዳም። ከላክላ የሚባለውን ሰፈር አልፋችሁ ብዙ ከሄዳችሁ በኋላ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት ሳህሪጅ አለ፣ የውሃ ማማ። በግራ እጃችሁ ነው። እሱን እንዳያችሁ ወደ ሸማል፣ ወደ ግራ። ከዚያ የተቃጠለ አውቶቡስ በቀኝ ታያላችሁ፣ እዚያ ጋ ወደ የሚን፣ ወደ ቀኝ። ከዚያ ሐይቁ ራሱ ይጠራችኋል።»

«ጋሽ ክንፉ፣ ወደ ደቡብ ስንሄድ ዓባይ በቀኛችን ነው። ሐይቅ ፍለጋ ወደ ግራ ምን ያዞረናል?» አልኩት።

«ሐይቁ ይዞራል» አለኝ።

ሐይቅ ሲዞር ሰምቼ አላውቅም። ግን ሰውዬው ስንት ዓርብ የሄደበት ቤት ነው፣ ምን ብዬ ልከራከር።

የሠርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ከፊት የጎረቤታችን የሳዲቅ ቦክሲ ነበረች፣ ጀርባዋ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና። በጀርባዋ የድግሱ ድስት፣ የበረዶ ሳጥንና የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ተጭኗል፣ በጋቢናዋ ክንፉ ከሳዲቅ ጎን ኮቱን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ ተቀምጧል። ከቦክሲዋ ቀጥሎ እኔ፣ በአምጃዷ ወለተሥላሴንና ማዘንጊያን ይዤ። ከኋላዬ የሙሽሮቹ መኪና፣ ከዚያ እንግዳ የሞላ የኪራይ አውቶቡስ። ክላክሱን እያስጮህን አል-ሳሃፋን አለፍን፣ ጀብራን አለፍን። ማዘንጊያ መስኮቱን ዘግታ አቧራውን ትረግማለች። ወለተሥላሴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልይ እንደነበር ገባኝ።

ከላክላን ካለፍን በኋላ ነው ነገሩ ያላማረኝ። ክንፉ በየደቂቃው አንገቱን ከመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ያያል። እኛን የሚጠብቅ መሰለኝ። ግን እኛን አያይም፣ ዓይኑ ከእኛ አልፎ ይሄዳል። ቤቶች፣ መስጊድ፣ የጡብ ማቃጠያ፣ ሁሉንም ካለፈ በኋላ ዞሮ ያየዋል። ካየውም በኋላ ራሱን ይነቀንቃል፣ አዎ አዎ ይላል። መሪያችን የሚያውቀው ያለፈውን ብቻ ነበር።

አንድ ትልቅ የውሃ ማማ በቀኝ በኩል መጣ። ምንም ጽሑፍ የለውም፣ ባዶ ብረት ነው። ቦክሲዋ ሳትቆም አለፈችው። እኔም ተከተልኩ። ልክ ሳህሪጁን አልፈን እንደተጓዝን ክንፉ ዞሮ አየና የጋቢናውን በር በመዳፉ እየደበደበ «አቁም! አቁም!» ብሎ ጮኸ። ዞሬ ብመለከት በማማው በዚህኛው ገጽ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ ተጽፏል። ከካርቱም ለሚመጣ ሰው የሚታየው ካለፈው በኋላ ነው።

ሁላችንም ወረድን። ማማውን ትንሽ እንዳለፉ ከዘልቱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚገባ የመኪና ዱካ አለ።

«ወደ ሸማል» አለ ክንፉ።

«ማማው በግራ ነው ብለህ ነበር፣ ይኸው በቀኝ ነው» አልኩት።

ለአፍታ ማማውን ተመለከተ። «አዛውረውት ይሆናል» አለ።

የውሃ ማማ! እንደ ብርቅነሽ የሻይ ምድጃ ከዚህ ጥላ ወደዚያ ጥላ ያዛወሩት መሰለው። ሳዲቅ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ በዚያ ሙቀት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እያሰብኩ ነበር። ክንፉ ኮቱን ጎትቶ አስተካክሎ ጋቢና ገባ። ምን እናድርግ? ወደ ግራ ገባን።

አሸዋ፣ እሾህ፣ ፍየል። ከዚያ ደግሞ አሸዋ። የተቃጠለ አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። ከረጅም መንገራገጭ በኋላ አንድ የዶሮ እርባታ አጥር ሥር ደረስንና ዱካው አለቀ። ከአጥሩ ሥር የዶሮ ቤት እጣቢ ወጥቶ የተኛበት አረንጓዴ ኩሬ ነበር። ከኋላ አውቶቡሱ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ፣ ሱፍ የለበሱ ወንዶች ወርደው ይገፉ ጀመር።

ማዘንጊያ ከአምጃዷ ወረደች። ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ አድርጋ ኩሬውን አየች።

«ይኼ ነው ሐይቁ?» አለች። ከዚያ ወደ ወለተሥላሴ ዞረች። «ልጅሽን በዶሮ ኩስ ላይ ልትድሪ ነው የጠራሽን? ፍፁም! እንመለስ! እኔ እዚህ የሚበላ እህል የለኝም።»

ወለተሥላሴ እጆቿን አጣምራ ቆማ ክንፉን ታየዋለች። ብትሰድበው ደስ ይለኝ ነበር። እኔማ ደሜ ፈልቷል። ያን ሁሉ ዓመት ሳህን ያጠበች፣ የሰው አልጋ ያነጠፈች ሴት፣ አንዲት ቀኗ በአንድ ኩራተኛ አፍ ምክንያት አሸዋ ላይ ልትቀር ነው። ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ።

«ጋሽ ክንፉ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ግራው ቀኝ ነው፣ ቀኙ ግራ ነው፣ ሁሉንም የምታውቀው ካለፍነው በኋላ ነው። እዚያ ቤት ስትሄድ ከበጉ ጋር ወደ ኋላ ዞረህ ነው እንዴ የምትጫነው?»

ለቀልድ ነው ያልኩት። ሰው እንዲስቅበት ነው፣ ሳቁበትም። ክንፉ ግን ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። ዓይኑ ከእኔ ሸሽቶ ወደ ቦክሲዋ ጀርባ ሄደ። ያን ጊዜ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ሙስተሻሩ ጋቢና ተቀምጦ አያውቅም። ጋቢናው የሀጂና የቤተሰቡ ነው። ክንፉ ከበጉ፣ ከጀሪካኑና ከጀነሬተር ነዳጁ ጋር በሀጂ ቦክሲ ጀርባ፣ ጀርባውን ለጋቢናው ሰጥቶ ነው ያን ሁሉ ዓርብ የተመላለሰው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የክንፉ ግን ዶሮ እርባታ አጥር ሥር ነው የጠራው። ሳቁ ከአውቶቡሱ ድረስ መጣ። ማዘንጊያ እንኳ ሳቀች።

ቤርሳቤህ ከሙሽራ መኪናዋ ወርዳ መጣች፣ ነጭ ልብሷን ከአሸዋው በሁለት እጇ ሰብስባ። አልሳቀችም።

«ዓሚ ክንፉ» አለችው። አጎቴ ማለቷ ነው፣ ከሕፃንነቷ እንዲህ ነው የምትጠራው። «መዓሊሽ፣ አትጨነቅ። ወላሂ ምንም አይደለም። ወደ ቤት እንመለስና ሐውሹ ውስጥ እንጨፍራለን። አንተ ብቻ አትዘን።»

የዴሟን ጠባብ ግቢ ነው ሐውሽ የምትለው። እዚያ ከተመለሱ ደግሞ አክስትየዋ ምን እንደምታደርግ ልጅቷም ታውቃለች፣ ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

ክንፉ ልጅቷን አየ። ከዚያ ወደ ቦክሲዋ ሄደ። ጋቢናውን አልፎ ሄደ። የኋላውን መዝጊያ አወረደ፣ ኮቱን እንደ ለበሰ ጎማው ላይ ረግጦ ወጣ፣ በድስቶቹ መካከል በትርፍ ጎማው ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለጋቢናው ሰጠ።

«ሳዲቅ፣ ያላ፣ እንሂድ» አለ። «ወደ ዘልቱ ተመለስና ወደ ከተማው ትንሽ ሂድ። ከዚያ ዙርና እንደገና ከካርቱም እንደሚመጣ ሰው አምጣኝ።»

አሸዋ የያዘው አውቶቡስ ወጣ፣ ተመለስን፣ ዞርን፣ እንደገና ጀመርን። አሁን ክንፉ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፣ እኛ ደግሞ ከኋላው ነን። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ፊት ለፊት ተያየን። ያን ያህል ጊዜ የአንድን ሰው ፊት ሳያቋርጡ ማየት እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው፣ ሙሽሮች፣ አክስት፣ እኔ፣ ሁላችንም አፍጥጠን የምናየው እሱን ነው፣ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ከረባቱ በነፋሱ ፊቱን ይጠፈጥፈዋል።

የጡብ ማቃጠያው ጋ ሲደርስ ግን ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ እኛን ማየት ተወ። ማማው አለፈ፣ ሰማያዊው ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ክንፉ የጋቢናውን ጣሪያ መታና ግራ እጁን ዘረጋ። በእሱ ግራ ነው፣ በእኛ ቀኝ። ቦክሲዋ ወደ ቀኝ ገባች። ትንሽ እንደሄድን የተቃጠለው አውቶቡስ፣ ልክ እንዳለው፣ ዝጎ ቆሟል። ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ወደ ግራ ዞርን። ጉድጓድ ሲመጣ ሳይዞር ያውቀዋል፣ ጣሪያውን ቀስ ብሎ ይመታል፣ ሳዲቅ ፍሬን ይይዛል። በዴም ጎዳና እንደዚያ ዓይነት ፊት ይዞ አይቼው አላውቅም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። ይኼን ማለት ይከብደኛል፣ ግን አየሁት።

ሐይቁን ያየነው በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ውሃው በሙሉ ቀልቷል፣ ዳር የለውም። አውቶቡሱ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ክንፉ ሐይቁን አላየውም፣ ከጀርባው ነው። መድረሳችንን ያወቀው ፊታችንን አይቶ ነው።

ጂብሪል የሚባለው የቤቱ ዘበኛ በሩን ከፍቶ ወጣ። ወደ ጋቢናው አልሄደም፣ ሙሽራም አላየም፣ እየሮጠ ወደ ቦክሲዋ ጀርባ መጣ።

«ያ ክንፉ! የት ጠፍተህ ነው? ጀነሬተሩ እምቢ ብሏል፣ ጨለማ ሊውጠን ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየው። «ይኼ ኮት ምንድነው? ማን ሞተብህ?»

ማዘንጊያ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ ሁሉንም ሰማች። ክንፉ ወረደ፣ ኮቱን አወለቀ፣ አጥሩ ላይ ሰቀለው። ከቤቱ ጀርባ ሄደ። ቤቱ ደግሞ እብነ በረድ የሚባል ነገር አልጎበኘውም፣ ሁለት ክፍልና የቆርቆሮ በረንዳ ነው፣ የዓሣ ሽታ አለው። ግን ውሃው እውነት ነበር፣ ነፋሱም እውነት ነበር፣ የሚያጉረመርም ጎረቤት የለም። ገና ድስቱ ሳይወርድ ጀነሬተሩ አጓራ፣ በዛፎቹ ላይ የተዘረጉት አምፖሎች ቦግ አሉ። እኔም ጂብሪልን ሀጂ እንዴት እሺ እንዳለ ጠየቅሁት።

«ይኼ ሰውዬ ወሩን ሙሉ ያለ ዕረፍት የመጣው ለምን ይመስልሃል?» አለኝ። «የውሃ ጋኑን ውስጡ ገብቶ ፋቀው፣ በረንዳውን ቀለም ቀባው፣ የጀልባ መቆሚያውን ጠገነ። ለአንዲት ልጄ ነው ይል ነበር። ልጅ እንዳለው አላውቅም ነበር።»

አፉ የገባበትን ዕዳ እጁ ከፈለ፣ ከዚህ በላይ ላመሰግነው አልችልም።

ድግሱ ሰመረ። ወጡ አልተበላሸም፣ ሙዚቃው አልተዘጋም። ማዘንጊያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሐይቁ ውስጥ ነክራ ስትስቅ ወለተሥላሴ ከሩቅ ቆማ አየቻት፣ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች። ክንፉ ከማብሰያው ጋ ነዳጅ በነካው ሸሚዝ ቆሞ ነበር። ሄዳ በእጁ ያዘችው፣ ኮቱን ከአጥሩ አንሥታ አለበሰችው፣ ወስዳ ከሽማግሌዎቹ መካከል፣ ከማዘንጊያ ጎን አስቀመጠችው። ይታረማል ብላችሁ ነው? ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ እጁን ወደ ውሃው ዘርግቶ «ቤቱ እዚህ ጋ ይሠራ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሀጂ ወደዚያ ነበር የፈለገው» ሲል ሰማሁት። ማዘንጊያም የዘበኛውን ቃል በጆሮዋ የሰማች ሴት፣ «እንዴ!» አለች። ምን ታድርግ፣ ሠርግ ነው።

ዴም ስንመለስ ቀልዱ ለረጅም ጊዜ ቆየ። መንገድ የጠፋው ሰው ሲመጣ «ክንፉን ጠይቀው፣ ግን መጀመሪያ አዙረህ አስቀምጠው» እንላለን። ሻይ ቤት ሲገባ አንዱ ተነሥቶ ወንበር ወደ ግድግዳ ያዞርለታል። ክንፉ አልሰማሁም ብሎ ይቀመጣል፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሙስተሻር እንደሆነ።

አንድ ቀን ይኼው ቀልድ ደርቶ ሁላችንም ስንንከተከት ወለተሥላሴ ስኳር ልትገዛ ገባች። ቆማ ሰማችን። ወንበሩ ወደ ግድግዳ ዞሯል፣ ክንፉ አጠገቡ ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶታል።

«እናንተ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ከገዳሪፍ የመጣችሁት በጋቢና ነው?»

ሳቁ ተቆረጠ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ከተቀመጥነው ጋቢና ያየ አልነበረም። እኔ በማሽላ ጆንያ ላይ ነበርኩ፣ ፊቴን ወደ መተማ አዙሬ፣ ተራራው እስኪጠፋ ድረስ እሱን እያየሁ ነው ካርቱም የገባሁት። ሌላውም እንደዚያው። ልናፍር ጀምረን ነበር።

ክንፉ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንኳ» አለ፣ «በጋቢና ነበርኩ።»

ወለተሥላሴ ዞራ አየችው። ከገዳሪፍ ካርቱም ድረስ በአንድ ሎሪ፣ በአንድ ጆንያ ላይ፣ ልጇን እየተቀባበሉ ያቀፉት እሷና እሱ ነበሩ። ወንበሩን ከግድግዳው መልሳ ወደ እኛ አዞረችለት።

«አዎ፣ ጋሽ ክንፉ» አለችው። «እርስዎስ በጋቢና ነበሩ። ይቀመጡ።»